ለመጀመሪያ ጊዜ ታች ስልክ ለሚይዝ ሰው የሚገዛ ስልክ በምን ይመዘን?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ርካሽ ስማርት ስልኮች የሚጻፈው፣ ማስታወቂያውም የቴክኖሎጂ አምዱም፣ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል፣ ራሙ ስንት ጂቢ፣ ባትሪው ስንት ሺህ። ይህን የሚያነበው ግን ብዙ ጊዜ የስልኩ ባለቤት የሚሆነው ሰው አይደለም። ከተማ ያለ ልጅ ገጠር ላሉ እናቱ፣ ቤሩት ወይም ሪያድ የምትሠራ ልጅ ለአባቷ ይገዛሉ፤ ስልኩ የሚደርሰው እስከ ዛሬ ባለ ቁልፍ ስልክ ብቻ ይዞ ለኖረ ሰው ነው። ለዚህ ሰው ሜጋፒክስሉ ምንም አይፈይድለትም። ሲደወልለት ማንሳት፣ ሲጨርስ መዝጋት፣ በኢሞ የልጁን ፊት ማየት፣ በቴሌብር የተላከለትን ብር ማወቅ ይፈልጋል። ይህንንም ከስድስት ወር በኋላ እንደ መጀመሪያው ቀን መሥራት አለበት። ጋዜጣው ስለ ስልክ ሲጽፍ በዚህ ዓይን ቢመዝን ብለን ከጥገናው ወገን የምናውቀውን ጽፈናል።

የመጀመሪያው ፈተና ጣት ነው። ባለ ቁልፍ ስልክ የለመደ ሰው ጠበቅ አድርጎ ይጫናል፤ ቁልፉ መግባቱ እስኪሰማው ጣቱን አያነሳም። ታች ስክሪን ግን ግፊት አይለካም። ከመስታወቱ ሥር የተዘረጋው ስስ የኤሌክትሪክ መረብ የሚያውቀው ጣት መድረሱን፣ የት እንደደረሰና ምን ያህል እንደቆየ ብቻ ነው። ጣት ግማሽ ሰከንድ ያህል ከቆየ ስልኩን የሚያሠራው ሥርዓት፣ አንድሮይድ፣ «ተጭኖ ያዘው» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ያኔ የመደወያው ምልክት ከቦታው ይነሳል፣ ወደ ሌላ ገጽ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ከገጹ ይጠፋል። «ስልኩ ተበላሸ» ተብሎ ጥገና ቤት ከሚመጣው አንዱ ይኸው ነው፤ የተበላሸ ነገር ግን የለም። ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ፣ ቀጥሎ ታይሚንግ ኮንትሮልስ፣ ቀጥሎ «ታች ኤንድ ሆልድ ዲሌይ» የሚለውን «ሎንግ» ላይ ማድረግ ጣት የሚቆይበትን ጊዜ ያራዝመዋል። ሳምሰንግ ስልኮች ላይ ዲስፕሌይ በሚለው ሥር ያለው «ኢዚ ሞድ» ይህንኑ ከትልልቅ ምልክትና ፊደል ጋር አንድ ላይ ይሠራል፤ የመነሻ ገጹ ሴቲንግ ውስጥ ደግሞ ምልክቶቹ ከቦታቸው እንዳይነቃነቁ የሚቆልፍ ማብሪያ አለ። ይህን ሳያደርጉ ለእናት ስልክ መስጠት ተገቢ አይደለም።

በእርሻ ወይም በድንጋይ ሥራ የጠነከረ ጣት ሌላ ጉዳይ ነው። ወፍራምና ደረቅ ቆዳ የኤሌክትሪክ መረቡን በደንብ አይነካካውም። ሻጩ በቸርነት የሚለጥፈው ወፍራም የስክሪን መከላከያ ግላስ ይጨመርበትና ስልኩ ጭራሽ አይታዘዝም። እንዲህ ላለው ሰው ስስ ግላስ ወይም ግልጽ ፕላስቲክ ይሻላል። ስክሪኑን ሱቁ ውስጥ መፈተን ቀላል ነው፤ አንዱን የአፕ ምልክት ተጭኖ ይዞ ጣትን ሳያነሱ ከላይ እስከ ታች፣ ከግራ እስከ ቀኝ ቀስ ብሎ መጎተት። ምልክቱ መንገድ ላይ ከጣት ካመለጠ እዚያ ቦታ ላይ ታቹ አይሠራም። አዲስ ስልክ ላይ ብዙም አያጋጥምም፤ ስክሪኑ የተቀየረ ያገለገለ ስልክ ላይ ግን መደረግ ያለበት ነው።

የዛሬ ስልኮች ከፋብሪካ ሲወጡ ብዙዎቹ ከስክሪኑ በታች የነበሩትን ሦስት ቁልፎች ደብቀው ጣት በማንሸራተት እንዲሠሩ ተደርገው ነው። ለወጣት ያምራል። ለጀማሪ ግን መውጫ የሌለው ቤት ነው፤ አንዴ ኢሞ ውስጥ ከገባ እንዴት እንደሚወጣ አያገኘውም። ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ጀስቸርስ፣ «ሲስተም ናቪጌሽን» ውስጥ ባለ ሦስት ቁልፉን መመለስ ይቻላል፤ የሜኑው አቀማመጥ እንደ ስልኩ ብራንድ ይለያያል።

ጥሪ ማንሳትና መዝጋት ደግሞ ማንም የማይጽፍበት ትልቁ ነገር ነው። ብዙ ርካሽ ስልኮች የሚጠቀሙበት የጉግል መደወያ ላይ ጥሪ የሚነሳው ብዙ ጊዜ ምልክቱን በመሳብ እንጂ በመንካት አይደለም። ጀማሪው አረንጓዴውን ደጋግሞ ይነካዋል፤ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ይዘጋል። ሳምሰንግ ላይ አክሰሲቢሊቲ ውስጥ «አንሰሪንግ ኤንድ ኢንዲንግ ኮልስ» የሚል አለ፤ በድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ ማንሳት፣ በጎኑ ቁልፍ መዝጋት ይቻላል። ሌሎቹ ላይ ቢያንስ «ፓወር በተን ኢንድስ ኮል» የሚለውን ማብራት ይገባል። ይህ ሁለተኛው ሌላ ችግርም ይፈታል። ስልኩ ጆሮ ላይ ሲሆን ስክሪኑን የሚያጠፋው ከላይ ጠርዝ ላይ ያለው ሴንሰር ነው። ሴንሰሩ በግላስ ወይም በቆሻሻ ከተሸፈነ ስልኩ ከጆሮ ቢርቅም ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል፤ ሰውየው መዝጋት አቅቶት ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ግላስ ካስለጠፉ በኋላ ደውለው ስልኩን ከጆሮ አርቀው ስክሪኑ ወዲያው መብራቱን ይዩ። አንዳንድ ርካሽ ሞዴሎች ይህ ሴንሰር ጭራሽ የላቸውም፤ በሶፍትዌር ግምት ነው የሚሠሩት፤ በእነዚህ ላይ በወሬ መሀል ጉንጭ ነክቶ ድምፅ ማጥፊያውን የሚጫንበት ጊዜ ይበዛል።

ድምፅን በተመለከተ፣ ስፒከሩ ከጀርባ የሆነ ስልክ ጠረጴዛ ወይም ፍራሽ ላይ ሲቀመጥ ይታፈናል። ስልኩን ጨርቅ ላይ አስቀምጦ ወደ እሱ መደወል ይህን ያሳያል። ስክሪኑ በእኩለ ቀን ፀሐይ መታየቱን ለማወቅም ከሱቁ በር ላይ ወጥቶ ማየት ይበቃል። ስክሪኑ ባለ 720፣ ማለትም የነጥቡ ብዛት ዝቅ ያለ፣ መሆኑ አያሳስብ፤ ለዚህ ዋጋ ደህና ነው፣ ባትሪም ይቆጥባል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ማስታወሻ (አፑም ፎቶውም የሚቀመጥበት) እና ራም (የተከፈተው አፕ እየሠራ የሚቆይበት ጊዜያዊ ቦታ)። ካርቶኑ ላይ «8 ጂቢ ራም» ተጽፎ ከሥሩ በትንሹ «4+4» ካለ እውነተኛው ራም 4 ጂቢ ነው። የቀረው 4 ከማስታወሻው ላይ ተበድሮ ራም እንዲመስል የተደረገ ነው፤ ፍጥነቱም ከራም ጋር አይወዳደርም። ማስታወሻው ራሱ 64 ጂቢ ከሆነ 4ቱ ከዚያው ይቀነሳል። ባለ 2 ጂቢ ስልክ ላይ ይህን ማብራት ጥቅሙ ትንሽ ነው።

32 ጂቢ የተባለ ስልክ ላይ ሥርዓቱና ፋብሪካው የጫናቸው አፖች ከ10 ጂቢ በላይ ይወስዳሉ። በቀረው ላይ ቴሌግራም ይገባል። ቴሌግራም ደግሞ በየቻናሉ ያየውን ፎቶና ቪዲዮ ስልኩ ላይ ያስቀምጣል። ሁለት ሦስት የመዝሙር፣ የዜናና የቀልድ ቻናል ያለው ሰው ስልኩ በጥቂት ወር ይሞላል። ማስታወሻው ሲሞላ ስልኩ የሚደነዝዘው አዲስ ነገር ለመጻፍ ባዶ ቦታ ስለሚያጣ ነው፤ አፖች መዘመን ያቆማሉ፣ ካሜራው «ቦታ የለም» ይላል፣ የባንክ አፑ አዲስ ስሪት ጠይቆ መግባት ይከለክላል። ሰውየው «ስልኬ አረጀ» ይላል። ስልኩን ሲያስረክቡ ቴሌግራም ውስጥ ሴቲንግ፣ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ፣ ስቶሬጅ ዩሴጅ ገብቶ ፎቶና ቪዲዮው የሚቆይበትን ጊዜ ወደ 1 ሳምንት ወይም ከዚያ በታች ማሳጠር፣ ከፍተኛውን መጠንም ወደ ትንሹ ማድረግ አለበት። እዚያው በሞባይል ዳታ በራሱ ማውረድን መዝጋት ጥቅሉንም ያተርፋል። ሁልጊዜ ቢያንስ 3 ወይም 4 ጂቢ ባዶ መቅረት አለበት። ሜሞሪ ካርድ ፎቶና መዝሙር ለማስቀመጥ ይረዳል እንጂ አፖችን አያሳርፍም፤ ገበያው ላይ ደግሞ 128 ተብሎ ተጽፎበት እውነተኛ መጠኑ ከ8 የማይበልጥ ካርድ ሞልቷል። እንዲህ ያለው ካርድ መጀመሪያ ላይ ሁሉንም የተቀበለ ይመስላል፤ ትክክለኛው መጠኑ ሲያልፍ የቀደሙትን ፎቶዎች ያበላሻል።

ሦስት ስልኮችን በምሳሌ እንይ። በ2021 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የወጣው ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ03 ኮር 2 ጂቢ ራም፣ 32 ጂቢ ማስታወሻ፣ ዩኒሶክ ኤስሲ9863ኤ ቺፕ፣ 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪና ማይክሮ ዩኤስቢ መሰኪያ አለው፤ የጣት አሻራ የለውም። ሳምሰንግ በሚለው ስሙ ምክንያት ዛሬም ያገለገለው ይፈለጋል፤ ለጀማሪ ግን አንመክረውም። ስምንቱም የቺፑ ኮሮች፣ ማለትም ሥራውን የሚካፈሉት ክፍሎች፣ ደካሞቹ ዓይነት ናቸው፤ ኢሞ ላይ እያወሩ ሌላ አፕ ሲከፈት ይንቀራፈፋል፣ ሥርዓቱም ራም ለማግኘት የነበረውን አፕ ይዘጋል። በ2023 የወጣው ቴክኖ ፖፕ 8 ዩኒሶክ ቲ606 ነው ያለው፤ ከስምንቱ ኮሮች ሁለቱ ጠንካራ ናቸው፣ መሰኪያውም ታይፕ ሲ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ጋላክሲ ኤ05 ሂሊዮ ጂ85 ይዞ ከ4 ጂቢ ራም ይጀምራል፤ ኩባንያው ሲያወጣው የ4 ዓመት የደህንነት ማሻሻያ ቃል ገብቶለታል። ለአንድ ዕድሜ ለሚያዝ ስልክ ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከካሜራው በላይ ዋጋ አለው፤ ምክንያቱም የባንክና የመልእክት አፖች አሮጌ አንድሮይድን በየጊዜው ይተዋሉ። ዋትስአፕ ለምሳሌ ከአንድሮይድ 5 በታች ያለውን አይቀበልም።

ዋጋ አንጠቅስም፤ ብር ከተንሳፈፈበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ጋዜጣው እስኪታተም ሊያረጅ ይችላል። መነሻውን ግን እንናገር፤ እውነተኛ 4 ጂቢ ራም፣ 64 ጂቢ ማስታወሻ፣ ታይፕ ሲ። 3 ጂቢም ቢሆን አንድሮይድ ጎ፣ ማለትም ለአነስተኛ ስልክ የቀለለው አንድሮይድ፣ የተጫነበት ከሆነ ይሄዳል። ገንዘቡ የሚበቃው ለ1 ጂቢ ራምና ለ16 ጂቢ ማስታወሻ ብቻ ከሆነ ግን ባለ ቁልፉ ስልክ ይቆይ ባይ ነን። ቴሌብር በ*127#፣ ንግድ ባንክ በ*889# ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ በየደቂቃው የሚቆም ታች ስልክ ሰውን ከቴክኖሎጂ ያሸሻል እንጂ አያቀርብም።

ባትሪ ላይ ጀማሪውን አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። ባለ ቁልፉ በ1000 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ ቀናት ይቆይለት ነበር፤ አዲሱ በ5000 አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን ነው። ዳታው ሌት ተቀን ከተከፈተ ደግሞ ያንሳል። መብራት በሌለበት ቀበሌ ይህ ስሌት ወሳኝ ነው። 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ ወደ 19 ዋት ሰዓት ጉልበት ይይዛል። ባለ 10 ዋት ቻርጀር፣ ማለትም 5 ቮልት 2 አምፒር የሚሰጥ፣ በ3 ሰዓት ገደማ ይሞላዋል። ትንሹ የሶላር ፋኖስ ግን የሚሰጠው ብዙ ጊዜ 5 ቮልት ግማሽ አምፒር፣ ማለትም 2 ዋት ተኩል ብቻ ነው፤ በመንገድ ላይ የሚባክነውን ጨምሮ ከባዶ እስከ ሙሉ 9 ወይም 10 ሰዓት ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ውሎ አይሞላም ማለት ነው። ለእንዲህ ያለ ቤት ከስልኩ ጋር ቢያንስ ባለ 10 ዋት ሶላር መግዛት ወይም ገበያ ቀን ከተማ የሚሞላ ፓወር ባንክ መጨመር ያስፈልጋል።

ቻርጀሩ ራሱ ይመዘናል። ጋላክሲ ኤ05ን የመሰሉ ስልኮች በብዙ ገበያ ያለ ቻርጀር ነው የሚሸጡት፤ ገዢው መንገድ ዳር ካለው ርካሽ አንዱን ይጨምራል። ደረጃው ዝቅ ያለ ቻርጀር ከ220 ቮልቱ የሚመጣውን ረብሻ በደንብ አያጣራም፤ ስልኩ ሲሰካ ታቹ በራሱ እየዘለለ ያልተነካውን ይከፍታል፣ ሲነቀል ይተዋል። ይህን ያየ ሰው ስክሪን ይቀይራል፤ የሚቀየረው ቻርጀሩ ነበር። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ያልተስተካከለ ስለሆነ መብራት ሲሄድ መንቀል፣ ከተመለሰ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ይሻላል።

ስለ መሰኪያውም አንድ ቃል። ማይክሮ ዩኤስቢ በአንድ ወገን ብቻ ነው የሚገባው። በጨለማ፣ መነጽር በሌለው ዓይን ተገልብጦ ይገፋል፤ ውስጥ ያለችው ስስ ምላስ ትሰበራለች። ታይፕ ሲ በሁለቱም ወገን ይገባል። ለአረጋዊ ሰው ታይፕ ሲን ከካሜራም ከጣት አሻራም በፊት የምናስቀምጠው ለዚህ ነው። የጣት አሻራው፣ እግረ መንገዳችንን፣ በሥራ የተላጠ ጣትን ስለማያነብ ቀላል ፒን ይበልጠዋል።

ሲምና ኔትወርክ ላይ፦ ሁለት ሲም እና ሜሞሪ ካርድ ለየብቻ የሚገቡበት ቤት ያለው ስልክ ይመረጥ፤ አንዳንዱ ሁለተኛውን ሲም ወይም ካርዱን ምረጥ ይላል። የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም ሲም አብረው ከገቡ ስልኩ በእያንዳንዱ ጥሪ «በየትኛው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጀማሪው እዚያ ይቆማል። ሴቲንግ ውስጥ አንዱን የጥሪ፣ አንዱን የዳታ አድርጎ መወሰን ነው። ፕሌይ ስቶር ውስጥም በራሱ መዘመንን በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን ያድርጉ፤ አለበለዚያ ጥቅል ሲያልቅ ካርዱን ይበላል።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶች የሚልኩት ርካሽ ስልክ ብዙ ጊዜ የቅድመ ክፍያ ኩባንያ ስልክ ነው። የረከሰው ኩባንያው በራሱ መረብ ላይ ስለቆለፈው ነው፤ ለመክፈት ለወራት በዚያው መረብ ላይ መሥራቱን ይጠይቃሉ። አዲስ አበባ ሲደርስ የእኛን ሲም አይቀበልም። ቢከፈትም እንኳ ለአሜሪካ የተሠራው አንዳንዱ ሞዴል እዚህ 4ጂ የሚሠራበትን 1800 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም ባንድ 3፣ አልያዘም፤ ስልኩ 3ጂ ላይ ይቀራል። ላኪው ከመግዛቱ በፊት «አንሎክድ» (ያልተቆለፈ) መሆኑንና ባንድ 3 መኖሩን ይጠይቅ።

ሰዓቱ ሌላው ግራ መጋቢያ ነው። የስልኩ ሰዓት 7:00 ሲል ለእኛ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ብዙ ሰው ሰዓቱን በእጁ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ያኔ ስልኩ እውነተኛውን ጊዜ ስለሚስት አንዳንድ አፖችና ድረ ገጾች አይከፈቱም፣ የማረጋገጫ ኮድም ውድቅ ይሆናል። የተሻለ መንገድ አለ። ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል ትቶ የሰዓት ክልሉን ብቻ በእጅ ወደ ሳኦ ፓውሎ ወይም ወደ ቦነስ አይረስ መቀየር። እነዚህ ከተሞች ከኢትዮጵያ በትክክል 6 ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው፤ ስልኩ እውነተኛውን ጊዜ ሳይስት የእኛን ሰዓት ያሳያል። በብዙዎቹ ስልኮች ሁለቱ ማብሪያዎች ለየብቻ ስለሆኑ ይቻላል። ማንቂያ ሲሞላ «ኤኤም» የሚለው የቀኑን፣ «ፒኤም» የሚለው የማታውን ሰዓት ይሆናል።

አማርኛው የሚያሳስብ አይደለም፤ ዛሬ አንድሮይድ ያለው ስልክ ሁሉ ፊደሉን ያሳያል። ጂቦርድ የተባለው የጉግል መጻፊያ አፕ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ ጉግል ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮም የአማርኛ ንግግርን ወደ ጽሑፍ ይቀይራል። መጻፍ ለሚቸግረው ሰው ማይክሮፎኗን ነክቶ ስም መናገር ከመፈለግ ይቀላል፤ ኢንተርኔት ግን ይፈልጋል። የስልኩን ሙሉ ቋንቋ ወደ አማርኛ ከመቀየር በፊት ግን አጠገባቸው የሚረዳቸው ማን እንደሆነ ይታሰብ። የጎረቤቱ ልጅ ሁሉን በእንግሊዝኛ የለመደ ከሆነ በአማርኛው ሴቲንግ ውስጥ እሱም ይጠፋል።

ካሜራ በአጭሩ፦ ከጀርባ ሁለት ወይም ሦስት ዓይን መኖሩ አያታልል። በዚህ ዋጋ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ 320 በ240 ነጥብ ብቻ ያለው፣ ማለትም 0.08 ሜጋፒክስል፣ ለጌጥ የተቀመጠ ነው። ፈተናው የመታወቂያ ካርድ ፎቶ አንስቶ አጉልቶ ጽሑፉ መነበቡን፣ የነጋዴ ኪውአር ኮድም ቶሎ መያዙን ማየት ነው።

የኮፒ ስልክ ነገር። *#06# ሲደወል የሚወጣው አይኤምኢአይ፣ ማለትም የስልኩ መለያ ቁጥር፣ ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር መመሳሰል አለበት፤ ባለ ሁለት ሲም ሁለት ቁጥር ያሳያል። የኮፒ ስልክ ሴቲንግ የፈለገውን ራም ይዋሻል። የማይዋሸው ፕሌይ ስቶር ነው፤ ሴቲንግ ውስጥ «አባውት» የሚለው ሥር «ዲቫይስ ኢዝ ሰርቲፋይድ» ካላለ ይመልሱት።

እውነተኛ ስልክም ቢሆን ከፋብሪካ ንጹሕ ሆኖ ላይወጣ ይችላል። በ2020 (እ.ኤ.አ.) አፕስትሪም የተባለ የሞባይል ደህንነት ድርጅት ኢትዮጵያን ጨምሮ በአምስት የአፍሪካ አገሮች የተሸጡ ቴክኖ ደብሊው2 ስልኮች ውስጥ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የተባሉ ሶፍትዌሮች ተጭነው ማግኘቱን አስታውቋል፤ ባለቤቱ ሳያውቅ በክፍያ አገልግሎቶች ይመዘግቡት ነበር። ከ200 ሺህ በሚበልጡ ስልኮች ላይ ነበር አጠራጣሪው የክፍያ ምዝገባ ጥያቄ የታየው። አምራቹ ችግሩ ከአንድ አቅራቢ መምጣቱን ተናግሯል። ኤክስሄልፐር ስልኩ ፎርማት ቢደረግ እንኳ ይመለስ ነበር። ፈተናው ቀላል ነው፤ ማታ ዳታ ዘግቶ በ*804# ሂሳብ ማየት፣ ጠዋት ደግሞ ማየት። ማንም ሳይደውል ከቀነሰ ወይ የአጭር ቁጥር ምዝገባ አለ፣ ወይ ስልኩ ውስጥ የሆነ ነገር አለ። «ስልክዎ ቫይረስ አለበት፣ እዚህ ይንኩ» የሚለው ማስታወቂያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሱ ነው ችግሩ፤ ጀማሪው እንዲህ ያለውን ፈጽሞ እንዳይነካ ይነገረው።

ከመግዛት በፊት የሞዴሉ ስክሪን መርካቶ ውስጥ መኖሩንና ዋጋውን ጠይቁ። የዛሬ ስክሪን ታቹና ኤልሲዲው የተጣበቁ ስለሆኑ መስታወቱ ሲሰነጠቅ ሁለቱም ናቸው የሚቀየሩት። የተሸጠው ብዛት ጥቂት የሆነ ሞዴል ዕቃው አይገኝም፤ ስልኩ ደህና ሆኖ በአንድ መስታወት ይጣላል። ከቨሩ በዚያው ቀን ይግባ፤ ባለ ቁልፍ ስልክ ወድቆ ይነሳል፣ ይሄኛው አይነሳም።

የመጨረሻው የጉግል አካውንት ነው፤ ብዙ ጥፋት የሚደርሰውም እዚህ ላይ ነው። ሻጩ ለማቀላጠፍ በራሱ ወይም በፈጠራ ኢሜይል ይከፍተዋል፤ የይለፍ ቃሉን ማንም አይይዘውም። ከዓመት በኋላ ስልኩ ፒን ተረስቶ ፎርማት ሲደረግ ከአንድሮይድ 5.1 ጀምሮ ያለው መቆለፊያ ያንኑ የመጀመሪያውን ኢሜይልና ቃል ይጠይቃል፤ ከሌለ ስልኩ አይከፈትም። መክፈት እንችላለን የሚሉ አሉ፤ እንደ ሞዴሉ ይሳካል ወይም አይሳካም፣ ገንዘብም ያስወጣል። ስለዚህ አካውንቱ በባለቤቱ ስም፣ በባለቤቱ ስልክ ቁጥር ይከፈት። ኢሜይሉና የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ ከመታወቂያቸው ጋር ይቀመጥ፤ ሁለተኛው ቅጂ ስልኩን የገዛው ልጅ ዘንድ ይሁን። የቴሌብር ፒን ግን እዚያ ወረቀት ላይ አይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
ሞባይል ጥገና ላይ የተሰማሩ ባለሙያዎች፤ አዲስ አበባ